ፊርማው ለየትኛው ጉድጓድ ይመሰክራል?

የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶች

በዚህ ዕትም የምንመልሳቸው ደብዳቤዎች የሙያ ፈቃድ ካላቸው የአፈር ሳይንቲስቶች የደረሱን ናቸው። ጉዳዮቹ የተለያዩ ቢሆኑም ከጸሐፊዎቹ መካከል ግልጽ ውሸት እንዲጽፍ የታዘዘ የለም። የተጠየቁት አንድ ነገር እንዲተዉ፣ አንድ ቦታ ሳይቆፍሩ እንዲያልፉ ወይም ያላዩትን እንዳዩ አድርገው እንዲፈርሙ ነው። በአፈር ሙያ ከባዱ የሥነ ምግባር ፈተና በዚህ መልክ ይመጣል ብዬ አምናለሁ። ሪፖርቱን የሚያነበው ሰው ከመሬት በታች ያለውን አይቶ ማረጋገጥ አይችልም፤ ሪፖርቱ በእጁ ሲገባ ጉድጓዱ ተደፍኗል፣ ናሙናው ተፈጭቶ አልቋል፣ የቀረው የባለሙያው ቃል ነው።

ጥያቄ፦ አንድ ደንበኛ ቤት ለመሥራት ባሰበበት ቦታ፣ አፈሩ ከሴፕቲክ ታንክ የሚወጣውን ፍሳሽ ለማስረግ ይስማማ እንደሆነ እንድመረምር ቀጠረኝ። ወቅቱ ደረቅ ስለነበር ሁለት ሜትር ቆፍሬ ውሃ አላገኘሁም፤ ይሁን እንጂ ከ50 ሴንቲ ሜትር ጀምሮ አፈሩ ግራጫ ሆኖ የዝገት ቀለም ያላቸው ነጠብጣቦች ይታዩበታል። ደንበኛው «ያየኸውን ብቻ ጻፍ፤ ውሃ አላየህም» ይለኛል። ዐረፍተ ነገሩ እውነት ስለሆነ ብጽፈው ጥፋቱ ምንድን ነው?

መልስ፦ ጥፋቱ ያዩትን ሁሉ አለመጻፍዎ ነው። ውሃ አለማየትዎ እውነት ነው፤ የውሃውን አሻራ ማየትዎም እንዲሁ እውነት ነው፤ ደንበኛው የሚጠይቅዎ የመጀመሪያውን ጽፈው ሁለተኛውን እንዲያስቀሩ ነው። የእርስዎን ሙያ ጉድጓድ ከመቆፈር የሚለየው ደግሞ ይህን ሁለተኛውን ማንበብ መቻልዎ ነው፤ ጉድጓዱ ደረቅ መሆኑን ለማየትማ ፈቃድ ያለው ሰው አያስፈልግም ነበር።

ግራጫው ቀለም ከየት እንደሚመጣ ለደንበኛዎ በትዕግሥት ቢያስረዱት መልካም ነው። የአፈሩ ክፍተቶች ለረጅም ጊዜ በውሃ ሲሞሉ በውስጣቸው ያለው ኦክስጅን ያልቃል፤ ኦርጋኒክ ቁስን የሚያብላሉት ረቂቅ ተሕዋስያንም በኦክስጅን ፋንታ መጀመሪያ ናይትሬትን፣ ቀጥሎ ማንጋኒዝን፣ ከዚያም ብረትን መጠቀም ይጀምራሉ። መልኩ የተለወጠው ብረት በውሃው ሟሙቶ ከቦታው ይነሣል፤ ብረቱ የለቀቀው አፈርም ግራጫ ሆኖ ይቀራል። ውሃው ሲሸሽና አየር ሲገባ የሟሟው ብረት በሥር መተላለፊያዎችና በስንጥቆች ዳር ተመልሶ ይረጋና የዝገት ነጠብጣብ ይሆናል። ስለዚህ እርስዎ በደረቁ ወቅት ያዩት ቀለም የእርጥቡ ወቅት መዝገብ ነው፤ ባለሙያዎች በመንሴል የቀለም መጽሐፍ እየለኩ ክሮማው (የቀለሙ ድምቀት) 2 ወይም ከዚያ በታች የሆነውን ግራጫ በጥንቃቄ የሚመዘግቡትም ለዚህ ነው።

ለራስዎም ጥንቃቄ ያስፈልግዎታል። ግራጫ ሁሉ የውሃ ምልክት አይደለም፤ አፈሩ የተፈጠረበት ዐለት ራሱ ግራጫ ሊሆን ይችላል፤ ምልክቱ መሬቱ ከመጠንፈፉ በፊት በነበረ ዘመን የተፈጠረና ዛሬ ያለውን ሁኔታ የማያሳይ ሊሆንም ይችላል። በተቃራኒው ኦርጋኒክ ቁስ እጅግ ባነሰበት ወይም ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው) ከፍ ባለበት አፈር ውሃው ተኝቶ እያለ ምልክቱ ደብዝዞ ሊቀር ይችላል። ደንበኛውን ለማስፈራራት ምልክቱን ማጋነንም እሱን ለማስደሰት ምልክቱን እንደመደበቅ ያለ ጥፋት ነው። እርግጠኛ ካልሆኑ እርግጠኛ አለመሆንዎን ከነምክንያቱ ይጻፉ፤ በእርጥቡ ወቅት የውሃውን ከፍታ የሚለካ የመመልከቻ ቱቦ እንዲተከልም ሐሳብ ያቅርቡ።

ይህን ያህል የምዘረዝረው የጉዳዩ ባለቤት ደንበኛው ብቻ ስላልሆነ ነው። ፍሳሽ የሚጠራው በውሃ ባልተሞላ፣ አየር ባለበት አፈር ውስጥ ቀስ ብሎ ሲያልፍ ነው፤ የከርሰ ምድር ውሃው ማስረጊያው ድረስ ሲወጣ ግን ጀርሞቹ ሳይጣሩ ከውሃው ጋር ይቀላቀላሉ። አየር ባለበት አፈርም ቢሆን ናይትሮጅኑ ወደ ናይትሬት ይለወጣል፤ ናይትሬት ደግሞ በአፈር ቅንጣቶች ስለማይያዝ ውሃው ወደሚሄድበት ሁሉ ይሄዳል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው የናይትሬት ወሰን በሊትር 50 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ ወሰኑ በዋናነት የተቀመጠው በጡጦ የሚመገቡ ሕፃናትን ደማቸው ኦክስጅን እንዳይሸከም ከሚያደርግ ሕመም ለመጠበቅ ነው። ከቦታው በታች በኩል የጉድጓድ ውሃ የሚጠጣው ጎረቤት እርስዎን አልቀጠረዎትም፣ ሪፖርቱንም አያነብም፤ ለእሱ ጥበቃ የሚሆነው የእርስዎ ሙሉ ምስክርነት ነው።

ስለዚህ ሪፖርትዎ የተቆፈረበትን ቀን፣ ወቅቱ ደረቅ መሆኑን፣ እስከ ሁለት ሜትር ውሃ አለመገኘቱን፣ ምልክቱ ከ50 ሴንቲ ሜትር ጀምሮ መታየቱንና ይህም አፈሩ በዓመቱ ውስጥ ለተወሰነ ጊዜ በውሃ እንደሚሞላ የሚጠቁም መሆኑን በአንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን ይያዝ። ምልክቱ በገለጻው ሰንጠረዥ ውስጥ ተቀብሮ መደምደሚያው «ውሃ አልተገኘም» የሚል ከሆነ አሁንም እንደደበቁት ነው፤ ፈቃድ ሰጪው አካል የሚያነበው መደምደሚያውን ነውና። ከዚያ በኋላ ደንበኛዎን በእውነተኛ መንገድ ይርዱት። በዚያው ይዞታ ላይ ከፍ ያለ ቦታ ሊኖር ይችላል፤ ደንቡ ከፈቀደም ተስማሚ አፈር ከላይ ተደልድሎ የሚሠራ ከፍ ያለ ማስረጊያ ይታሰባል። ይህን ሁሉ ሰምቶ ግማሹን እውነት ብቻ ካልጻፉ አልቀበልም ካለ፣ ለሠሩት ሥራ የሚገባዎትን ክፍያ ጠይቀው ሥራውን በጽሑፍ ይልቀቁ።

ጥያቄ፦ በምሠራበት ድርጅት ፈቃድ ያለኝ እኔ ብቻ ነኝ። ገና ፈቃድ ያላገኙ ሁለት ወጣት ባለሙያዎች መስክ ወርደው ጉድጓድ ይገልጻሉ፣ ናሙና ይወስዳሉ፤ እኔ ቢሮ ሆኜ ሪፖርቱን አነብና እፈርማለሁ። የላቦራቶሪው ውጤት አስተማማኝ ስለሆነ ችግር የለውም እባላለሁ። በእርግጥ የለውም?

መልስ፦ አለው። ላቦራቶሪ የሚያረጋግጠው የደረሰውን ናሙና እንጂ መሬቱን አይደለም። ጥግግቱ በኪዩቢክ ሜትር 1.3 ቶን የሆነ የአንድ ሄክታር መሬት የላይኛው 20 ሴንቲ ሜትር አፈር 2,600 ቶን ያህል ይመዝናል፤ ለፎስፈረስ ምርመራ በኦልሰን ዘዴ የሚመዘነው ደግሞ 2.5 ግራም ነው። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት የሚታለፈው በመስክ ላይ በሚደረግ ውሳኔ ነው፦ የት ተወሰደ፣ ከስንት ነጥብ ተደባለቀ፣ እስከ ምን ጥልቀት ተወጋ፣ የማዳበሪያ መስመርና የከብት ማደሪያ ተለይቶ ታልፏል ወይ። በቢሮ የሚነበብ ወረቀት ይህን አይነግርዎትም።

ወጣቶቹ የሠሩትን መፈረም ነውር የለበትም፤ ሙያው የሚተላለፈውም እንዲሁ ነው። ነገር ግን ሥራውን አስቀድመው ያቀዱት፣ በመሐል አብረዋቸው የወረዱት፣ የተወሰኑ ጉድጓዶችን በራስዎ እጅ የመረመሩት መሆን አለበት። በጣት ዳሰሳ የአፈርን ልመት፣ ማለትም የአሸዋ፣ የደለልና የሸክላ ድርሻውን መለየት በልምምድ የሚገኝ ችሎታ ስለሆነ፣ የእነሱ «ሸክላማ ለም» የእርስዎም «ሸክላማ ለም» መሆኑን አብረው ሳይዳስሱ ማወቅ አይችሉም። ይህን ማድረግ የማይችሉ ከሆነ አይፈርሙ። ሲፈርሙም ጉድጓዱን የገለጸውን ሰው ስም በሪፖርቱ ላይ ያኑሩ።

ጥያቄ፦ የአፈር ካርቦን ክምችትን አሳድጎ የካርቦን ክሬዲት የሚሸጥ ፕሮጀክት በአማካሪነት ቀጥሮኛል። ሥራ አስኪያጁ በሁለተኛው ዙር ልኬት «ለውጡ በደንብ የሚታይባቸውን ማሳዎች» እንድመርጥ ይፈልጋል። በተጨማሪም ክፍያዬ ከሚረጋገጠው ካርቦን ላይ በመቶኛ እንዲሆን ሐሳብ አቅርቧል። ሁለቱም በዘርፉ የተለመዱ ናቸው ይላል።

መልስ፦ ሁለቱንም እምቢ ይበሉ። ስለ ክፍያው ረጅም ማብራሪያ አያስፈልግም፤ የሚለካው ነገር በበዛ ቁጥር ለካዩ የሚከፈለው የሚበዛ ከሆነ ያ ሰው ልኬት ሳይሆን ሽያጭ ላይ ነው ያለው፤ ንጹሕ ሆኖ ቢሠራ እንኳ ቁጥሩን የሚያምነው አይኖርም። ክፍያዎ በተሠራው ሥራ መጠን ይሁን፤ ውጤቱ ዜሮ ቢሆንም፣ ከዜሮ በታች ቢሆንም ያው ይከፈል።

የማሳ መረጣው ጉዳይ ግን ብዙ ሰው ከሚያስበው በላይ ጥልቅ ነው፤ በአፈር ካርቦን ላይ አንድም ቁጥር ሳይሰረዝ፣ አንድም ናሙና ሳይቀየር የሌለ ካርቦን «ማግኘት» ይቻላልና። የናሙና ነጥቦቹ ከመጀመሪያው ዙር በፊት፣ መሬቱ በአፈር ዓይነትና በአያያዝ ተከፋፍሎ፣ በየክፍሉ ውስጥ በዕጣ መለየት ነበረባቸው። በሁለተኛው ዙር ውጤቱ ያማረበትን ማሳ መምረጥ፣ በመጀመሪያው ዙር ደህናውን ማሳ መተው፣ «ድንጋይ በዛበት» ብሎ ነጥብ ማንቀሳቀስና የተንቀሳቀሰበትን ርቀት አለመመዝገብ፣ እነዚህ ሁሉ አማካዩን ወደሚፈለገው አቅጣጫ ይገፉታል።

ከመረጣው የባሰ ደግሞ የማይታይ ወጥመድ አለ። ካርቦኑ ከመቶ 2 የሆነ፣ ጥግግቱ በኪዩቢክ ሜትር 1.2 ቶን የሆነ አፈር እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ሲሰላ በሄክታር 72 ቶን ካርቦን ይይዛል። ይኸው መሬት በመኪና ወይም በከብት ተረግጦ ጥግግቱ 1.3 ቢደርስ፣ የካርቦኑ መቶኛ ምንም ሳይጨምር፣ በዚያው 30 ሴንቲ ሜትር ሲሰላ 78 ቶን ይሆናል። ስድስቱ ቶን ከአየር የተያዘ ካርቦን አይደለም፤ አፈሩ ሲታመቅ ቀድሞ ከ30 ሴንቲ ሜትር በታች የነበረው ወደ መለኪያው ገባ እንጂ። ሐቀኛ ባለሙያ ሁለቱን ዙሮች የሚያወዳድረው በእኩል የአፈር ክብደት ነው፤ ጥግግቱንም በየነጥቡ ይለካል እንጂ ከመጽሐፍ አይገለብጥም።

የትንተና ዘዴውም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1934 የታተመው የዎክሊና ብላክ ዘዴ በአማካይ ከኦርጋኒክ ካርቦኑ 76 በመቶ ያህሉን ብቻ ስለሚያገኝ ውጤቱ በ1.3 ገደማ እየተባዛ ይታረማል፤ ያ ማረሚያም ከአፈር አፈር ይለያያል። አፈሩን በከፍተኛ ሙቀት አቃጥሎ የሚለካው የደረቅ ቃጠሎ ዘዴ ደግሞ ሙሉውን ያገኛል። የመጀመሪያው ዙር በአንደኛው ያለ ማረሚያ፣ ሁለተኛው ዙር በሌላው ቢለካ፣ ምንም ባልተለወጠ መሬት ላይ የአንድ ሦስተኛ ያህል ዕድገት በወረቀት ላይ ይታያል። ሥራ አስኪያጁ ይህን ላያውቅ ይችላል፤ እርስዎ ግን ያውቃሉ። የሙያ ፈቃድ ኃላፊነት ከባድ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው፤ ማንም ሳይጠይቅዎ፣ ማንም ሊደርስበት በማይችልበት ቦታ፣ ደንበኛዎን የሚጎዳውን ማረሚያ በራስዎ እጅ ማስገባት አለብዎት። ክሬዲቱን የሚገዛው ሰው በዚያ ስድስት ቶን ተማምኖ የራሱን ጭስ ወደ ሰማይ መልቀቁን እንደሚቀጥል አይርሱ።

የሚጠይቅዎ ሰው ካለ «በዘርፉ የተለመደ» ለሚለው መልሱ ቀላል ነው። የናሙና ዕቅዱን፣ የነጥቦቹን መገኛ፣ ጥልቀቱን፣ ዘዴውንና የተተዉ ነጥቦችን ከነምክንያታቸው ከሪፖርቱ ጋር ያያይዙ። የተለመደ ነገር ከሆነ ሲጻፍ አያሳፍርም።

ጥያቄ፦ ለገበሬዎች የአፈር ምርመራ ውጤት እየተረጎምኩ የማዳበሪያ ምክር እሰጣለሁ። አንድ አቅራቢ እኔ ከላክሁለት ገዢ ላይ ኮሚሽን ሊከፍለኝ ይፈልጋል። ምክሬን አልለውጥም፤ ኮሚሽኑንም ለገበሬዎቹ እነግራቸዋለሁ። ይህ በቂ አይደለም?

መልስ፦ መናገርዎ ከመደበቅ እጅግ ይሻላል፤ በቂ ግን አይመስለኝም። ገበሬው ኮሚሽን እንዳለ ቢያውቅም ምክሩ በእሱ ምክንያት በስንት ኪሎ እንደጨመረ ሊያውቅ አይችልም፤ እርስዎም ራስዎን በእርግጠኝነት አያውቁትም። የማዳበሪያ ምክር ሰፊ የውሳኔ ክልል ያለው ነገር ነው። ኦልሰን፣ ብሬይና ሜሊክ-3 የሚባሉት የምርመራ ዘዴዎች ከአንድ አፈር የተለያየ የፎስፈረስ ቁጥር ያወጣሉ፤ እያንዳንዱ ቁጥር ትርጉም የሚኖረው ለዚያው ዘዴ በመስክ ሙከራ በተዘጋጀ መለኪያ ሲነበብ ብቻ ነው። የብሬይ ዘዴ ኖራ በበዛበት አፈር ላይ አሳንሶ ስለሚያሳይ፣ እዚያ እሱን መምረጥ በራሱ «ፎስፈረስ ይጎድላል» እንደ ማለት ነው። ሌላው ቀርቶ የንጥረ ነገሩ አጻጻፍ እንኳ ያሳስታል፤ 30 ኪሎ ግራም ንጹሕ ፎስፈረስ በማዳበሪያ ከረጢት ላይ በሚጻፈው የኦክሳይድ ስሌት ወደ 69 ኪሎ ግራም ይሆናል፤ ሁለቱን የቀላቀለ ምክር ከእጥፍ በላይ ይሳሳታል። በእነዚህ ሁሉ ቦታዎች ላይ እጅ ሳያውቀው ወደ ኮሚሽኑ ያዘነብላል።

አንድ ምክር ደግሞ ምንም ኮሚሽን አይከፈልበትም፤ እሱም «ዘንድሮ ፎስፈረስ አያስፈልግህም» የሚለው ነው። ለረጅም ጊዜ ሲዳበር በኖረ መሬት ላይ ትክክለኛው ምክር ብዙ ጊዜ ይኸው ነው፤ ትርፉ ፎስፈረስ በጎርፍ ከአፈሩ ጋር ታጥቦ ሐይቅና ኩሬ ይገባና አልጌ ያበዛል፤ አልጌው ሲበሰብስ የውሃውን ኦክስጅን ጨርሶ ዓሣውን ይፈጃል። የምክር ክፍያዎን ከገበሬው በግልጽ ይቀበሉ፤ አቅራቢውን አመስግነው ይመልሱት። ለአቅራቢ ተቀጥረው የሚሠሩ ከሆነ ደግሞ፣ ያ በራሱ ክብር ያለው ሥራ ነውና፣ በገለልተኛ አማካሪነት ስም አይሥሩት።

ጥያቄ፦ ለአንድ የግል ይዞታ የአፈር ለምነት ምርመራ ስናደርግ ከጥጉ የተወሰደ ናሙና ከፍተኛ መጠን ያለው እርሳስ (መርዛማው ብረት) አሳየ። ጥጉ ከአጥሩ ውጭ ካለ የልጆች መጫወቻ ጋር የተያያዘ ነው። ባለቤቱ ውላችን ምስጢር ጠባቂነትን የሚደነግግ መሆኑን አስታውሶ ውጤቱ ከሪፖርቱ እንዲወጣ ጠይቋል። ግዴታዬ የቱ ነው?

መልስ፦ ሁለቱም ግዴታዎች አሉብዎት፤ ሲጋጩ ግን የሰው ደኅንነት ይቀድማል። የአፈር ባለሙያዎች የሥነ ምግባር ደንቦች የደንበኛን ምስጢር እንዲጠብቁ የሚያዙት የሕዝብ ጤናና ደኅንነት እስካልተነካ ድረስ ነው። እርሳስ እንደ ኦርጋኒክ ብክለት በጊዜ አይበሰብስም፤ ከአፈር ቅንጣትና ከኦርጋኒክ ቁስ ጋር በጥብቅ ስለሚያያዝ ልጆች በሚዳብሱት የላይኛው ንብርብር ላይ ለዘመናት ይቆያል፤ በአቧራና በእጅ ወደ አፍ ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅት ጉዳት የማያስከትል የሚባል የእርሳስ መጠን አይታወቅም ይላል፤ ጉዳቱ የሚከፋውም አንጎላቸው በማደግ ላይ ባሉ ሕፃናት ላይ ነው።

ይሁን እንጂ አንድ ናሙና ይዘው አይሩጡ። መጀመሪያ ላቦራቶሪው ያንኑ ናሙና ደግሞ እንዲለካና የቁጥጥር ናሙናዎቹን ውጤት እንዲያሳይዎ ይጠይቁ፤ ከዚያ ከጥጉ ላይ በተለያየ ርቀትና ጥልቀት አዲስ ናሙና ይውሰዱ። ከላይ በዝቶ ወደ ታች የሚያንስ ከሆነ ከውጭ የመጣ ብክለት የመሆኑ ነገር ይጠነክራል። በባለቤቱ ይዞታ ላይ ለመግባት ፈቃድ ከተነፈጉ ያንንም ይመዝግቡት።

ውጤቱ ሲረጋገጥ ለባለቤቱ በጽሑፍ ያሳውቁት፤ አደጋው ምን እንደሆነ፣ ለሚመለከተው የጤና ወይም የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት እሱ ራሱ እንዲያሳውቅ እንደሚጠብቁ፣ ይህን የሚያደርግበትን አጭር ቀነ ገደብና ካላደረገ እርስዎ እንደሚያሳውቁ በግልጽ ይንገሩት። ብዙ ባለቤቶች ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ ደንግጠው ነው፤ ብክለቱን ያመጣው ከእነሱ በፊት የነበረ ሰው ሊሆን ይችላል፤ አፈሩን በወፍራም ሣር ወይም በንጹሕ አፈር መሸፈን እንኳ ለጊዜው አደጋውን እንደሚቀንስ ሲሰሙ ይረጋጋሉ። የፈቃድ ሕጉ ወዲያውኑ ማሳወቅን የሚያዝ ከሆነ ግን ቀነ ገደብ መስጠት የእርስዎ ሥልጣን አይደለም፤ ስለዚህ ደብዳቤውን ከመጻፍዎ በፊት ፈቃድ የሰጠዎትን አካል ወይም የሕግ ባለሙያ፣ የደንበኛውን ስም ሳይጠቅሱ፣ ያማክሩ።

ለመሥሪያ ቤቱ ሲያሳውቁ የሚሰጡት የእርሳሱን ልኬትና ቦታውን ብቻ ነው፤ ስለ ባለቤቱ ምርት፣ ዕቅድ ወይም ዕዳ በሥራው አጋጣሚ ያወቁት ሁሉ አሁንም ምስጢር ነው። ጉዳዩን ለጋዜጣ ወይም ለጎረቤት አይንገሩ። ከለምነት ሪፖርቱ ላይ ደግሞ ውጤቱ አይሰረዝም፤ ባለቤቱ ሪፖርቱን አልቀበልም ካለ ያልተቀበለው ሪፖርት ከነላቦራቶሪ ወረቀቱ፣ ከናሙና ርክክብ ቅጹና ከደብዳቤዎቹ ቅጂ ጋር በመዝገብዎ ውስጥ ይቀመጥ።